የመጥፊያን መንገድ ያነበቡልን የመምህርት አሰለፈች ሀብተ ማርያም ዕረፍት

የቦንጋና አካባቢዋ የታሪክና የቅርስ ወዳጆች ማኅበር መሥራችና የጥናት ክፍል ኃላፊ የነበሩት መምህርት አሰለፈች ሀብተ ማርያም ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበራችን ይህንን ለአባላቱ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ለመላው የካፋ ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሐዘናችን የተረጋጋ ሐዘን አይደለም። መግለጫውን ለማርቀቅ የተሰየመው ኮሚቴ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት አንዱ ሲነሣ ሌላው ሲገባ ነው የጻፈው፤ አንባቢ ዓረፍተ ነገሩ እዚህም እዚያም ቢረግጥበት ከዚህ የተነሣ መሆኑን እንዲረዳልን እንጠይቃለን።

እንዲህ ባለ መግለጫ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኛ ግን እንደዚያ ብለን ማለፍ አልቻልንም። የልብ ሕመማቸውን ሐኪማቸውም ልጃቸውም እኛም እናውቅ ነበር፤ ድንገተኛ የሚባል አልነበረም። ያን ዕለት ከጠዋት ጀምረው በዝናብ ቆመው የነበሩት ከቦንጋ ወደ ዋጫ አቅጣጫ በሚገኘው፣ የከተማው ሰው መጥፊያ በሚለው ጫካ ውስጥ ነው። የሚጠብቁት አዲሱን የቀበሌዎች ማገናኛ መንገድ የሚቀይሱትን ባለሙያዎች ነበር። ባለሙያዎቹ ቃላቸውን አላጠፉም፤ መኪናቸው ጭቃ ይዟት መንገድ ላይ ቀሩ። መምህርት አሰለፈች ሲወድቁም ባጃጅ እዚያ ድረስ መውጣት አልቻለም። የአካባቢው ሰዎች በቃሬዛ ተሸከሟቸው፤ ከላይ ያለው የእግር መንገድ ስላዳለጠ በጫካው ውስጥ ባለው ጥንታዊ ቦይ ወለል ይዘዋቸው ወረዱ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ነፍሳቸው አልፋ ነበር።

መምህርት አሰለፈች ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰብሌ በ1959 ዓ.ም. ቦንጋ ከተማ ተወለዱ። ቅድመ አያታቸው የካፋ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ከሰሜን ከመጡት ሹማምንት አንዱ ነበሩ። የቤተሰቡ ግቢ ዛሬም ከገበያው በላይ አለ። ይህን የምናነሣው ዘር ለመቁጠር አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው በየመድረኩ ከዚህ ስለሚጀምሩ ነው። በዚያ ግቢ በባርነት የተያዙ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም ነበር። አዳራሽ ውስጥ ዘመዶቻቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው እንኳ ዝቅ አላደረጉም።

በ1981 ዓ.ም. የታሪክ መምህርት ሆነው ዋጫ ተመደቡ። በዚያ ባሳለፉት ጊዜ የካፋን ቋንቋ ካፊኖኖን ከገበያ ሴቶች ተማሩ፤ ሴቶቹ እየሳቁባቸው፣ እሳቸውም እየተሳሳቱ። ከተማሪዎቻቸው መካከል ዛሬ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያ የሆኑት አቶ ቢሻው አደሎ ይገኙበታል። በኋላ ወደ ቦንጋ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው አስተምረዋል። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም፤ ያልተጠየቀውን ሸምድዶ የመጣ ተማሪ ግን ደም ሥራቸውን ያስነሣው ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ማኅበራችንን ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር መሠረቱ። የመጀመሪያው ቢሯችን ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ነበረች፤ ስብሰባው ከስፌት መኪናው ጋር እየተሻማ ይካሄድ ነበር። ሰብሳቢነቱን ተለምነው እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ሰብሳቢ የሆነ ሰው ቃለ ጉባኤ ሲፈርም ይውላል፣ ጫካ አይወጣም የሚል ነበር። በዚህም ምክንያት ማኅበሩ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ሰብሳቢ ሲቀያየርበት አንድም ቀን ሰብሳቢ ሳይሆኑ ሁሉንም አዘዋል።

በ1998 ዓ.ም. ለአንድ በዓል በታተመ መጽሔት ላይ ስለ መጥፊያ የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን አወጡ። ይህን ጽሑፍ የሥራቸው መነሻ አድርገን ብናልፈው ደስ ባለን ነበር። መምህርት አሰለፈች ግን ስህተት መሆኑን ሳይናገሩ ስሙን እንድንጠራ አይፈቅዱም ነበር፤ ዛሬ የሉም ብለን አንደፍርም። በዚያ ጽሑፍ መጥፊያ የሰው መጥፊያ፣ ማለትም ባሪያ ፈንጋዮች ሰው የፈጁበት ስፍራ እንደሆነ ጻፉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ «እዚያ ብዙ ሰው ጠፋ» ብለው ስለነገሯቸው ነው። ጽሑፉን ተከትሎ በስፍራው «ወገኖቻችን ያለቁበት» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። በየዓመቱም አበባ ይቀመጥ ጀመር።

በ2006 ዓ.ም. የአበባው ሥነ ሥርዓት ላይ የመጥፊያ አጠገብ ነዋሪ የሆኑት ወይዘሮ ተሾመች ዘመዶቻቸውን ይዘው መጡ። ሰሌዳውን አስነበቡ። ከዚያ በኋላ በዕለቱ በነበረው ሰው ሁሉ ፊት የተናገሩት ቃል በማኅበራችን ድምፅ መቅጃ ላይ ስላለ እንዳለ እናሰፍረዋለን፦ «አንቺ መምህርት፣ ጠፉ አልን እንጂ አለቁ መች አልን? አያቴ እዚህ ጠፍታ አልቃ ቢሆን እኔን ማን ወልዶ አመጣኝ?»

ጉዳዩ የአንድ ቃል ጉዳይ ነበር፤ ማኅበራችንን ግን ለዐሥራ አንድ ዓመት እንቅልፍ ነሥቶታል። በአማርኛችን የሞተም ጠፋ ይባላል፤ የኮበለለም ጠፋ ይባላል። ከጦር የከዳ ወታደር ጠፋ፤ ገመዱን በጥሶ የሄደ በሬ ጠፋ። የካፋ ሽማግሌዎች አማርኛን ሲማሩ የተማሩት ከገዢዎቹ ቤት ነው፤ በገዢዎቹ ቤት ደግሞ ቃሉ የሚነገረው በምሬት ነበር። መምህርት አሰለፈች ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አያታቸው ስለ ድሮው ዘመን ሲያወሩ ይሉት የነበረው ነገር ትዝ አላቸው፦ «ያን ክረምት ስንት ሰው ጠፋብን መሰለሽ!» ብለው ያዝኑ ነበር። ያዝኑ የነበሩት ለጠፋው ሰው አልነበረም። ጠፋብን ውስጥ ያለችውን «ብን» አርባ ዓመት ሙሉ ሳልሰማት ኖርኩ እያሉ መምህርት አሰለፈች ራሳቸውን ይወቅሱ ነበር። በቀጣዩ ወር በራሳቸው ስም ማስተካከያ ጽፈው፣ አንብበው፣ አባዝተው በገበያ ቀን በእጃቸው አደሉ። መጥፊያ ሰው የተፈጀበት ቦታ አይደለም፤ ሰው ከባርነት ያመለጠበት በር ነው አሉ። ብዙ ሰው አላመናቸውም። ማስረጃ ተጠየቁ፤ መጠየቁም ተገቢ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ቁፋሮ ተጀመረ። የጀመሩት ከጫካው እንዳይመስላችሁ፤ ከራሳቸው ቤተሰብ ጓሮ ነው። የማምለጫ መንገድ የሚጀምረው ሰው ከታሰረበት ቤት ስለሆነ አካፋው መጀመሪያ እኛ ግቢ ይግባ አሉ። ዘመድ ተቀየመ። ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው ያላቸውም ነበር። አቶ ቢሻው ከባልደረቦቻቸው ጋር ከአሮጌው ማድ ቤት ጀርባ ሲቆፍሩ የድሮው አጥር እንጨቶች የተተከሉባቸውን ጉድጓዶች በአፈሩ ቀለም ለይተው አገኙ። አጥሩ ዙሪያውን አንዴ የተተከለ ነው። በአንድ በኩል ብቻ፣ ወደ ወንዙ በሚያወርደው ማዕዘን፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ተደራርቧል። እንጨቱ ተነቅሏል፣ ተተክሏል፣ እንደገና ተነቅሏል። ሰዎች በዚያ ይወጡ ነበር፤ ጌቶቹ በነጋታው ያጥሩ ነበር፤ ሌሎች ደግሞ ያንኑ ይነቅሉ ነበር። ከአጥሩ ሥር የውጅግራ ጥይት ቀለህ ተገኝቷል። ተኩሱ ማን ላይ እንደነበር አፈር አይናገርም።

ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. ሥራው ወደ ጫካ ወጣ። መንገዱ ከጓሮው ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ደግሞ ሂርዮ ወደሚባለው ጥልቅ ቦይ ይገባል። ሂርዮ የቀድሞው የካፋ መንግሥት ጠላት እንዳይገባበት ያስቆፈረው መከላከያ መሆኑን እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል። መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ቦዩ ለምን እንደዋለ ግን የጠየቀ አልነበረም። አቶ ቢሻው ወለሉን በስስ በስሱ ሲያነሡት፣ ለዓመታት ከወደቀው ቅጠልና ደለል ሥር በእግር ብዛት የጠነከረ ንጣፍ አገኙ። ጠላት እንዳይገባ የተቆፈረው ጉድጓድ የሚሸሽ ሰው ጭንቅላቱ ከሜዳ ሳይታይ የሚሄድበት መተላለፊያ ሆኖ ነበር። ከቦዩ ዳር ትንሽ ወጣ ብሎ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደኑ ጠባብ ጉድጓዶች ተገኙ። ውስጣቸው ያለው አፈር ጥቁርና ቅባት ያለው ነው። ወይዘሮ ተሾመች አንዱን ሲያዩ ጎንበስ ብለው አሸተቱና የቆጮ ጉድጓድ ነው አሉ፤ በኋላ የተደረገው ምርመራም የእንሰት ቅሪት መሆኑን አረጋግጧል። ከጉድጓዶቹ አጠገብ ቤት አልነበረም፤ አጥርም ማገዶ ማከማቻም አልነበረም። ጫካ መሐል ቆጮ የሚቀብር ሰው ለራሱ እራት አይቀብርም። ለማያውቀው፣ ነገ ርቦት ለሚመጣ ሰው የተቀበረ ነበር። ማን እንደቀበረው ባናውቅም፣ እንሰት መፋቅና መቅበር የሴቶች ሥራ መሆኑን እናውቃለን።

ያኔ ቁፋሮው ላይ ስለነበረው የሥራ ክፍፍል አቶ ቢሻው ትናንት ሲጠየቁ «እኔ አፈሩን እቆፍራለሁ፣ እሳቸው የሰዎቹን ወሬ። እሳቸው ጋ ያለው ጉድጓድ ግን ይናዳል፤ ሰው ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ ቡና ሳያፈላ አባሮ ይሸኝሃል» ብለዋል። እውነት ነው፣ ብዙ ቤት ተባርረዋል። ያባረሯቸውም ከሰሜን የመጡት ሹማምንት ልጆች ብቻ አልነበሩም።

በ2016 ዓ.ም. ሰሌዳው ተቀየረ። ዛሬ «በባርነት የተያዙ ወገኖቻችን ያመለጡበት መንገድ» ይላል። ይህ እንዲህ በአንድ መስመር የሚጻፍ ነገር አልነበረም። የብዙ ቤተሰብ ሥጋት ሰሌዳው ላይ ያለው «ባርነት» የሚለው ቃል ነበር። እዚህ ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ስትጠየቅ የሰባት ቤት አጥንት ይቆጠራል፤ አያቷ ባርነት ውስጥ ነበሩ የተባለች ልጅ ዛሬም ትዳሯ ይፈርሳል። ይህን የምንጽፈው አፍረን ነው። መምህርት አሰለፈች የመንገዱን ካርታ ሲያወጡ ቦታ እንጂ የቤተሰብ ስም እንዳይገባበት አደረጉ። ካመለጡት ወገን የሆነ ሰው ወዶ ካልተናገረ በስተቀር ማንም ስሙን አያነሣም። ባሪያ ያሳደሩትን ቤቶች ስም ግን አስገቡ፤ የመጀመሪያው የራሳቸው ቤት ነበር። ወይዘሮ ተሾመች ስማቸው እንዲጻፍ የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው፤ «እኔ ልድረው የቀረኝ ልጅ የለም፣ ጻፉኝ» ብለው።

እዚህ ላይ አገልግሎታቸውን ዘርዝረን ወደ መጽናናቱ ብንሄድ መግለጫው ወግ ይይዝ ነበር። አልቻልንም። ሥራቸው አላለቀም፤ ያላለቀውም እንዲሁ ተቀምጦ የሚጠብቅ አይደለም።

ቦዩ ከዋጫ በላይ ያለውን ጫካ ከመያዙ በፊት ሁለት ይሆናል። አንዱ ወደ ዋጫ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ቢታ ገነት ያቀናል። የዋጫው ተጠንቷል። የወይዘሮ ተሾመች አያት ያመለጡት በዚያ ነው። አያትየዋ ግን ብቻቸውን አልነበሩም፤ ታናሽ እህታቸው አብራቸው ነበረች። የውሻ ጩኸት ሲሰሙ መንታው ላይ ተለያዩ፤ ታናሺቱ ወደ ቢታ አቅጣጫ ገባች። ከዚያ በኋላ ያያት የለም። ወይዘሮ ተሾመች ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለ እሷ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፦ ጠፋች። ለሌላው ሰው ሁሉ የፈታነውን ቃል ለእሳቸው መፍታት አልቻልንም። መንታው ላይ፣ በቢታው በኩል ጥቂት ገባ ብሎ፣ አቶ ቢሻው ባለፈው መጋቢት ከላይ አመድና ጠፍጣፋ ድንጋይ አይተዋል። ቆጮ ጉድጓድ ከሆነ በዚያ በኩልም የሚቀበል ሰው ነበር ማለት ነው፤ የታናሺቱም ነገር ተስፋ ይኖረዋል። ጉድጓድ ካልሆነም አለመሆኑን እናውቀዋለን። ክረምቱ ሲወጣ ኅዳር ላይ ሊቆፈር ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ወይዘሮ ተሾመች ኅዳርን የሚጠብቁት እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ዕድሜያቸው ገፍቷል።

የአዲሱ ማገናኛ መንገድ ችካል የተተከለው እዚሁ መንታ ላይ ነው። ቦዩ ተሞልቶ፣ ተደምድሞ፣ ጠጠር ይለብሳል። ማሽኑ ሰኞ ግንቦት 18 ቀን እንደሚገባ ተነግሯል።

ማኅበራችን በዚህ ጉዳይ ያለው አቋም መምህርት አሰለፈች የነበራቸው አቋም ነው፤ ሰውም አዛብቶ እንዳያወራው በግልጽ እናስቀምጠዋለን። መንገዱ ይሠራ። መንገዱ አይሠራ ብለው አያውቁም። የነዚያ ቀበሌዎች እናቶች ምጥ ሲይዛቸው በቃሬዛ ሲወርዱ እሳቸው ከልብስ ሰፊው ቤት ጀምረው አይተዋል። የጠየቁት ከችካሉ በላይ ባለው የኮረብታ ጀርባ በኩል ዞር ብሎ እንዲያልፍ ብቻ ነው። ጀርባው ድንጋያማ ነው፤ ማሽኑ ትንሽ ይለፋል፤ ነገር ግን በክረምት ውሃ አይቋጥርም። የቅየሳ ባለሙያዎቹም ይህን ሰምተው ቦታውን በዓይናችን እንይ ብለው ነበር የተቀጣጠሩት። ሐሙስ ዕለት ሊታይ የነበረው ይህ ነው።

ከትናንት ጀምሮ በከተማው አንድ ወሬ እየዞረ ነው፦ «መንገድ ቢኖር ኖሮ መምህርት ባልሞቱ ነበር፤ ስለዚህ ቶሎ ይሠራ» የሚል። የመጀመሪያውን ግማሽ አንክድም፤ ስናስበው ያቃጥለናል። ሁለተኛው ግማሽ ግን ሞታቸውን ለሚቃወሙት ነገር ምስክር አድርጎ ማቆም ነው። መንገድ ቢኖር ኖሮ በጀርባው በኩል ቢሆንም ይኖሩ ነበር። ጀርባው ላይ የሚያልፍ መኪናም ሰው ይጭናል።

ለሚመለከታቸው ቢሮዎች ሁሉ ይህን እንላለን። የሐዘን መልእክታችሁን ከትናንት ጀምሮ እየተቀበልን ነው፤ እናመሰግናለን፣ ቃላቱ መልካም ናቸው። «ቅርሳችንን የታደጉ» ብላችኋቸዋል። ቅርሱ ገና አልዳነም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ አባባሉ እንደሚለው ሳይቃጠል በቅጠል ይሁን። ሰኞ ማለት ከነገ ወዲያ በኋላ ያለው ቀን ነው።

መምህርት አሰለፈች ቁጡ ነበሩ፤ ይህን ስንጽፍ የሚያውቋቸው ሁሉ ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን። ስልክ ሲደውሉ ሰላምታ የለም፤ «ሰማህ?» ብለው ከመሐል ይጀምራሉ። ስብሰባ ላይ ተናጋሪ ሲያስረዝም ቦርሳቸውን ይከፍቱና ይዘጉት ነበር፤ በሩ ጋ ያለው ሰው ሳይቀር ይሰማዋል። ለሰው የሚሉትን መልካም ነገር ግን ከጀርባው ነበር የሚሉት፤ እያንዳንዳችን ስለ ራሳችን ያሉትን ከሌላ ሰው አፍ የሰማነው ትናንት ነው። ናፍቀውናል። ገና አንድ ቀን ነው።

ለልጃቸው ለወይዘሪት ኑኃሚን፣ ለወንድሞቻቸውና ለእህቶቻቸው፣ ለመላው ቤተሰባቸው መጽናናትን እንመኛለን። ጓሮው በተቆፈረ ጊዜ የተቀየሙት ዘመዶቻቸው ሌሊቱን አብረውን ተቀምጠዋል፤ ለእነሱም እግዚአብሔር ያጽናችሁ እንላለን። ሐዘኑ የአቶ ቢሻው ነው፤ መምህርታቸውን አጥተዋል። የተሸከሟቸው ጎረቤቶች ሐዘን ነው፤ ከእነሱ መካከል እስካሁን «ትንሽ ብንፈጥን» እያሉ ራሳቸውን የሚወቅሱ አሉ። ከዚያ በላይ መፍጠን አይቻልም ነበር፤ ይህን ከልባችን እንነግራችኋለን። ሐዘኑ የወይዘሮ ተሾመችም ነው። ትናንት ቢሯችን መጥተው ወንበር ላይ ቁጭ አሉና አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ «መምህርትስ ሄደች፤ ኅዳር ግን አለ?» የምንመልሰው በዚህ መግለጫ ነው።

ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ዓርብ ግንቦት 15 ቀን ከቀኑ በስድስት ሰዓት በደብራቸው ይፈጸማል። ከቀብር በኋላ የለቅሶው ድንኳን የሚተከለው እንደ ልማዱ በመኖሪያ ግቢያቸው አይደለም። ወይዘሪት ኑኃሚን ከእድሩ ሊቀ መንበር ከአቶ አዲሱ ጋር ተመካክረው ወስነዋል። ድንኳኑ መጥፊያ ይተከላል፤ ከቦዩ መንታ ላይ፣ ችካሎቹ ባሉበት መስመር። እድሩ አግዳሚ ወንበሮቹንና ምንጣፉን ከምሳ በፊት በትከሻ ያወጣል፤ ዝናብ ስለሚኖር ጃንጥላና ቦት ጫማ ይዛችሁ ኑ። ከአስፋልቱ በኋላ ባጃጅ አይወጣምና ሽማግሌዎችን የሚደግፉ ወጣቶች መታጠፊያው ላይ ይቆማሉ። አቶ አዲሱ ድንኳኑ እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ከአንድ ቢሮ ተጠይቀው፣ ለቀስተኛ እስካለ ድንኳን አይነሣም ብለው መልሰዋል። የእድሩ ደንብም ይኸው ነው።

ስለዚህ ኑ። ዛሬ ያልቻላችሁ ነገ፣ ነገ ያልቻላችሁ እሑድ። ሰኞ የምትመጡ ደግሞ በጠዋት ኑ። የቅየሳ ባለሙያዎቹም፣ የማሽኑ ኦፕሬተርም መንገዳቸው በዚያ ነውና ገብተው ነፍስ ይማር ቢሉ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ወንበር ይሰጣቸዋል።

በቦንጋ መንገድ መሐል የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ማንም አፍርሱልኝ ብሎ አያውቅም። ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ የጭነት መኪናውም ድምፁን ቀንሶ ዞሮ ያልፋል። ማሽኑም ዞሮ ይለፍ።

የቦንጋና አካባቢዋ የታሪክና የቅርስ ወዳጆች ማኅበር
ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦንጋ